ጥር 24፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ድስት ቀጠቀጣችሁ ብሎ ሰው የሚከስ መንግሥት አለ። ሱቅህን ዘግተህ ቤትህ ዋልክ ብሎም ያስራል።

ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የማይናማር ጦር ሕዝብ የመረጣቸውን አስሮ ሥልጣን ያዘ። ብዙም ሳይቆይ የያንጎን ከተማ ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን በየመስኮቱ ድስትና መጥበሻ መቀጥቀጥ ጀመረ፤ በአገሩ ልማድ ክፉ መንፈስ ከቤት የሚባረረው እንዲያ ነው። ጦሩ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የወንጀል ሕጉ ላይ አንቀጽ 505/ሀን ጨመረ። ሕዝብን ያስፈራ ወይም ሐሰት ነው የተባለ ቃል የተናገረ እስከ 3 ዓመት ይታሰራል። በጥር 2014 የዝምታ አድማ ሲጠራ ደግሞ፣ በዕለቱ አልከፍትም ብለው ፌስቡክ ላይ የጻፉ ባለሱቆች ተለቅመው ታሰሩ።

ችሎቱ የት ነው? በያንጎኑ ኢንሴይን እስር ቤት ግቢ ውስጥ፣ በዝግ። የፋብሪካ ሠራተኞች በሚኖሩባት የያንጎን ሰፈር ህላይንግ ታርያርማ ሲፈርድ የቆየው የጦር ፍርድ ቤት ነው። የሞት ፍርድ ካልሆነ ይግባኝ አልነበረም፤ የሞት ፍርዱም ይግባኝ ይባል የነበረው ለጦሩ አለቃ ነው። ለተከሳሽ በመቆማቸው የታሰሩ ጠበቆች አሉ። ከመፈንቅለ መንግሥቱ ወዲህ የታሰረው ሰው ከ20 ሺህ በላይ ነው።

እናት የስንቅ ቋጠሮዋን ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ትቆማለች። ጠባቂው ከተቀበላት ልጇ በሕይወት አለ ማለት ነው። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማን ያስረዳዋል? ንጉሡን ያወረደው የመስከረም 2 ቀን 1967 አዋጅ አድማንና ሰላማዊ ሰልፍን አብሮ ከለከለ፤ ከዚያ በኋላ ስንቅ ያመላለሱ እናቶቻችን፣ «ከእንግዲህ አታምጪ» ሲባሉ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁ ነበር። በቅርቡም ልጆቻችን እዚያው ማይናማር በማጭበርበሪያ ካምፖች ታግተው፣ የማናውቀው ሰው ሁሉ እንዲጮህልን ለምነናል።

አሁን ተራው የእኛ ነው። ዝግ ችሎት የሚተማመነው የሚያይ የለም ብሎ ነውና፣ እንይ!

የሕግ ባለሙያዎች፣ ስለታሰሩት የሙያ አጋሮቻችሁ በማኅበራችሁ ስም መግለጫ አውጡ። ጋዜጠኞች፣ በሳምንት አንድ የፍርድ ዜና በአማርኛ አድርሱን። የሠራተኛ ማኅበራት፣ የህላይንግ ታርያር ልብስ ሰፊዎች ከሐዋሳዎቹ እህቶቻችሁ የተለዩ አይደሉም፤ ስማቸውን በስብሰባችሁ ጥሩ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ፣ ድምፅ የሰጣችኋቸውን የምክር ቤት አባላት የጦር አውሮፕላን ነዳጅ ለማይናማር ጦር እንዳይሸጥ ወጥራችሁ ጠይቁ። በየወሩ ጠይቁ፤ አንድ ደብዳቤ ጽፎ መቀመጥ አይበቃም።

ጥር 24 ደግሞ ሁላችንም፣ አዲስ አበባም ሆንን ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ፣ ድስትና ጭልፋ ይዘን በየመስኮታችን እንቁም። ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ ሲጠይቅ ንገሩት፤ ለእሱም ድስት አውሱት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እንጀምራለን።