ከመንፉሃ ለተመለሱ ልጆቻችን ደጃችን ክፍት ነውን?



ውድ የላፍቶና የአካባቢው ጀመዓዎች! የሳዑዲ መንግሥት የሰጠው የምህረት ጊዜ ጥቅምት 24 ቀን 2006 አበቃ፤ በማግስቱ አፈሳው ተጀመረ። በሪያድ መንፉሃ ሰፈር የወገኖቻችን ደም ፈሰሰ። በወራት ውስጥም ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ኅዳር 6 ቀን «ለምን?» ለማለት ወደ ሳዑዲ ኤምባሲ የወጡ ዜጎች ደግሞ በገዛ አገራቸው ፖሊስ ተበተኑ። ድምፅ መነፈግ ምን ማለት እንደሆነ እኛ ከአወሊያ ጀምሮ እናውቀዋለን።

ግፉ የተፈጸመው በሁለቱ ሐረሞች አገር መሆኑ የብዙዎቻችንን ልብ ሰብሯል። ይህንኑ ይዘው ሊያሸማቅቁን የሞከሩም አልጠፉም። መልሳችን አጭር ነው፦ ግፍ ማንም ይፈጽመው ግፍ ነው፤ ዲናችንም ለግፈኛ ጥብቅና አይቆምም። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ከመካ ሸሽተው ሐበሻ በገቡ ጊዜ ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው «መልሱልን» የሚሉ መልእክተኞች ላኩ። ነጃሺ የጃዕፈርን ቃል ሰምቶ ስጦታውን መለሰ፤ ስደተኞቹን አሳልፎ አልሰጠም። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በሕፃንነታቸው የተንከባከበችው ኡሙ አይመንም የሐበሻ ልጅ ናት። ሙስሊምነታችንና ኢትዮጵያዊነታችን የተገናኙት ያኔ፣ ስደተኛን በማክበር ላይ ነው።

ታሪኩን መተረክ ግን ቀላል ነው፤ ከባዱ የራሳችን ደጅ ሲንኳኳ ነው። ልጅቱ አንድ ፌስታል ልብስ ይዛ ተመልሳለች። ገና ሳትቀመጥ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ትባላለች። ለጉዞዋ የተበደረውን አባት አበዳሪው ይጠብቀዋል። ጎረቤት ክብሯን እያነሳ ያማታል። ሌሊት እየባነነች የምታድረውን ደግሞ «አብዳለች» ብለን እንሸሻታለን። በቤቷ እንግዳ የሆነች እህት በየመን ባሕር በኩል ዳግም ለመሄድ ብታስብ ማንን እንወቅሳለን?

ስለዚህ የየመስጂዱ ጀመዓ ሁነኛ ሰዎችን መርጦ በሰፈሩ ያሉ ተመላሾችን ይወቅ፤ እህቶችን የሚጠይቁ እህቶች ይሁኑ። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል ዕዳ ያለበት ሰው አንዱ ነውና ባለሀብቶቻችን ዘካችሁን ስታወጡ በጉዞ ዕዳ የተያዘውን ቤተሰብ አስታውሱ። ሱቅና ወርክሾፕ ያላችሁ ለአንድ ተመላሽ ሥራ ስጡ። ኢማሞቻችን የተመላሽን ክብር ማማት ሐራም መሆኑን በኹጥባ ንገሩን። አባቶችና እናቶች ሆይ! ለደላላ ዕድሜዋን አስጨምራችሁ ልጃችሁን አትላኩ። ልጅ አማና ናት።

መንግሥትን መብታችንን እንጠይቃለን፤ በሰላማዊ መንገድ መጠየቃችንንም አናቆምም። «ምን ሆነሽ ነበር?» ብሎ ልጅን ማዳመጥ ግን የማንንም ፈቃድ አይሻም። ድምፃችን ይሰማ የምንል ሰዎች በቤታችን ያለውን ድምፅ ካልሰማን ጥያቄያችን ጎዶሎ ይሆናል።

አላህ በየእስር ቤቱ ላሉ ወንድሞቻችን ፈረጃውን ያቅርብ፤ በስደት ያሉትንም በሰላም ይመልስልን። አሚን!

ድምፃችን ይሰማ! አላሁ አክበር!