ዘጠነኛ ክፍል የገቡት የት ደረሱ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሲሆን ሁላችንም የምንጠብቀው አንድ ቁጥር ነው፤ ከመቶ ስንቱ አለፈ? በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። መሻሻል ነው፤ ደስ ይላል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠቱንም ከልቤ እደግፋለሁ፤ ኩረጃ ከሁሉ በላይ የጎዳው ሌሊት ተቀምጦ ያጠናውን ልጅ ነበርና።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላው ቁጥር ነው። በ2014 ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ተፈትነዋል። በ2017 የተፈተኑት 586 ሺህ ገደማ ናቸው። ከ300 ሺህ በላይ ቀንሰዋል ማለት ነው። በአማራ ክልል ትምህርት ቤቶችን የዘጋው ጦርነት አንዱና ከባዱ ምክንያት ነው። እኔ በማውቃት ትንሽ የወረዳ ከተማ ግን ተኩስ ሳይሰማ የ11ኛ ክፍል ወንበሮች ባዶ ሆነዋል።

በ2015 ብቻ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት የሚማር የአሥረኛ ክፍል ልጅ ምን ያስባል? ታላቅ ወንድሙ 12 ዓመት ተምሮ ቤት ተቀምጧል፤ ትምህርቱን ያቋረጠው ጓደኛው ባጃጅ ይነዳል፤ የጎረቤት ልጅ ከዓረብ አገር ብር ትልካለች። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም የሚቀረው፤ ያየውን ደምሮ ቀንሶ ነው።

ከገጠር ቀበሌ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ደግሞ ሄዳችሁ እዩ። አንዲት ጠባብ ክፍል ለሦስት ለአራት ይከራያሉ። ቅዳሜ ገበያ ሲቆም አባት እንጀራና ሽሮ በአህያ ጭኖ ያደርሳል፤ ሳምንቱ አጋማሽ ላይ እንጀራው ይሻግታል፣ ያልሻገተው ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ በበቂ ስላልደረሰ ፒዲኤፉን የሚያነቡት ስልክ ያለው ልጅ ዙሪያ ተሰብስበው ነው። ኪራይ ሲጨምር ቀድማ ወደ ቤቷ የምትመለሰው ሴቷ ናት። ከተመለሰች በኋላ የሚጠብቃት ብዙ ጊዜ ጋብቻ ነው። እነዚህ ልጆች የሚፈተኑት የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ተማሪ የሚፈተነውን ያንኑ ፈተና ነው።

200 ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል አስገብቶ፣ 20 አስፈትኖ፣ 2 ያሳለፈ ትምህርት ቤት ቢኖር በሪፖርት 10 በመቶ አሳለፈ ይባላል። ለእኔ ግን ከ200 ሁለት ነው ያሳለፈው። ሳይፈተኑ የቀሩት 180 በየትኛውም መግለጫ ላይ አይነሱም። ማለፊያ ላላመጡ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት (ሪሚዲያል) ቢሆንም የሚደርሰው ለተፈተነ ብቻ ነው።

ስለዚህ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ከማለፊያው መቶኛ ጎን ከአራት ዓመት በፊት ዘጠነኛ ክፍል የተመዘገበውን ቁጥር ጨምረው ይፋ ያድርጉ። መዝገቡ በየትምህርት ቤቱ አለ፤ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። እድሮችና የከተማው ነጋዴዎች ደግሞ ከገጠር ለሚመጡ ሴት ተማሪዎች አንድ የጋራ ማደሪያ ቤት ይከራዩላቸው፤ ከአቅማቸው በላይ አይደለም።

ወላጆች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ርእሰ መምህሩን ስንት አለፉ ብላችሁ ጠይቃችሁ ብቻ አትመለሱ። ስንት ገብተው ነበር፣ የቀሩትስ የት ሄዱ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱም በስም ዝርዝር ይሰጣችሁ።