ነጥቡ ስንት ሚሊሜትር ነው?

በቬክተር የተሳለ ሥዕል የራሱ መጠን የለውም። ፋይሉ የሚይዘው ጥቂት ነጥቦችንና በመካከላቸው ያለውን ኩርባ የሚገልጽ ቀመር ስለሆነ፣ ያው ሥዕል በቢዝነስ ካርድ ላይም ሆነ ፎቅ በሚሸፍን ባነር ላይ ጠርዙ እኩል ጠርቶ ይወጣል። ኖይዝ ወይም ግሬይን የሚባለው፣ ያ በሥዕል ላይ ደቃቅ ነጥብ የሚነሰንሰው ኢፌክት፣ ከዚህ ባሕርይ ጋር አይስማማም። ነጥብ ስፋት አለው፤ ስፋቱ ካልታወቀ መታየት አለመታየቱም አይታወቅም። የሥዕል ፕሮግራሞቹ ግን ግሬይንን ከቀለምና ከጥላ እኩል፣ እንደ ሥዕሉ አንድ ባሕርይ ቆጥረው በማንሸራተቻ ያቀርቡታል። አፊኒቲ ዲዛይነር ከቀለም ፓነሉ ጋር አያይዞታል፣ ፊግማም በ2025 ከኢፌክቶቹ ተርታ አስገብቶታል። በእኔ እምነት አቀራረቡ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ሥዕሉ የሚያርፍበት ወረቀት፣ ጨርቅ ወይም ስክሪን እስኪታወቅ ድረስ ግሬይን ከሥዕሉ ተለይቶ መቆየት አለበት።

ነገሩን ፋሽን ነው ብለው የሚያቃልሉ አሉ። ፋሽንነቱን አልክድም፤ ከፋሽኑ በፊት የነበረ ችግር ግን አለ። በተለመደው የ8 ቢት አሠራር እያንዳንዱ የቀለም ቻናል ያለው 256 ደረጃ ብቻ ነው። ስፋቱ 2.1 ሜትር በሆነ ባነር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በ10 በመቶ ብቻ የሚደምቅ ሰማያዊ ግራዲየንት ቢሠራ፣ ለዚያ ሁሉ ስፋት የሚደርሰው 26 ያህል ደረጃ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ 8 ሴንቲሜትር ገደማ ይወስዳል፤ ለስላሳ መሆን የነበረበት ሰማይም ጎን ለጎን የተደረደረ ጣውላ መስሎ ያርፋል። ባለሙያው ባንዲንግ ይለዋል። መድኃኒቱ ከተገኘ ቆይቷል። በኋላ የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው በአርፓኔት ግንባታ ስሙ የገነነው ላሪ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ምስል ወደ ጥቂት ደረጃዎች ከመውረዱ በፊት ኖይዝ ቢጨመርበት በደረጃዎቹ መካከል ያለው ድንበር ከዓይን እንደሚሰወር አሳይቷል። ስለዚህ በግራዲየንት ላይ የተነሰነሰ ጥቂት ግሬይን የሚሠራው ሥራ አለው።

የኖይዝ ስሌትም የመጣው ከሌላ ቅሬታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው «ትሮን» ፊልም ሥራ የተሳተፈው ኬን ፐርሊን፣ ኮምፒውተር የሚያወጣው ምስል ልሙጥነቱና ማሽን ማሽን ማለቱ አልጣመውም ነበር። በ1985 ያሳተመው ዘዴ፣ ዛሬ ፐርሊን ኖይዝ የሚባለው፣ በ1997 ከአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት አስገኝቶለታል። በ2001 የጸደቀው ኤስቪጂ የተባለው የቬክተር ስታንዳርድ ይህንኑ ስሌት ከማጣሪያዎቹ እንደ አንዱ ይዟል፤ ነፃው ፕሮግራም ኢንክስኬፕም ኖይዝ የሚሠራው በዚሁ ነው። ነገሩ ቀመር በመሆኑ ደስ ይላል፤ ያው የመነሻ ቁጥር ከተሰጠ ያው ነጥብ ያው ቦታ ላይ ይወድቃል። ግን ሥዕሉ ሲጎላ ነጥቡም አብሮ ይጎላል፣ በጣም ከቀረቡትም ብዥ ያለ ደመና ይሆናል። ፋይሉ ወደ ፒዲኤፍ ሲሄድ ደግሞ ኢንክስኬፕ ማጣሪያውን ወደ ፒክስል ይለውጠዋል። በስንት ዲፒአይ (በአንድ ኢንች በስንት ነጥብ) እንደሚለውጠው የሚጠይቀው ያን ጊዜ ነው፤ ያውም አብዛኛው ሰው ሳያነብ «እሺ» ብሎ በሚያልፈው ሳጥን ውስጥ።

ኢሉስትሬተር በተባለው የቬክተር ፕሮግራም ይብሳል። ኢፌክት ከሚለው ሜኑ ቴክስቸርን፣ ከዚያ ግሬይንን ስንመርጥ የሚመጣልን ከፎቶሾፕ የተወረሰ የፒክስል ማጣሪያ ነው። የነጥቡን ብዛት፣ ንጽጽሩንና ዓይነቱን ያስመርጣል፤ ስፋቱን በቁጥር አይናገርም። ስፋቱ የሚወሰነው ሌላ ቦታ፣ የሰነዱ ራስተር ኢፌክት ሬዞሉሽን፣ ማለትም በአንድ ኢንች የሚኖረው የፒክስል ብዛት፣ በሚቀመጥበት ሳጥን ነው። እዚያ 72 ከተጻፈ አንድ ፒክስል 0.35 ሚሊሜትር ነው፤ 300 ከተጻፈ 0.085 ይሆናል።

ይህች ልዩነት የምታመጣውን ጣጣ ለማየት አንድ የመጽሔት ሽፋን እንውሰድ። ዲዛይነሩ በ72 ሲሠራ ግሬይኑ ሸካራና ያማረ ሆኖ ይታየዋል። ማተሚያ ቤቱ 300 ይላል፣ እሱም ቁጥሩን ይለውጣል። ነጥቦቹ ወዲያው ከአራት እጥፍ በላይ ይደቃሉ። በኢንች 150 መስመር የሚያትም የኦፍሴት ማሽን ሃፍቶን የሚባሉትን የኅትመት ነጥቦች የሚያስቀምጠው በ0.17 ሚሊሜትር ርቀት ስለሆነ፣ በአንዱ ሃፍቶን ስፋት ሁለት የግሬይን ፒክስል ጎን ለጎን ይገባሉ፤ በወረቀቱ ላይ የሚያርፈውም በአብዛኛው የእነሱ አማካይ ነው። ከፍተኛ ጥራት የተባለው ቁጥር ግሬይኑን በላው ማለት ነው። ከዚያ ዲዛይነሩ አታሚውን፣ አታሚው ፋይሉን ይወቅሳል።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። በ72 የተሠራ የኤ4 ፒዲኤፍ 10 እጥፍ ተለጥጦ ባነር ሲሆን አንዱ ነጥብ 3.5 ሚሊሜትር ይደርሳል። ዲዛይነሩ ባነሩን በክንድ ርቀት ሲያየው ይደነግጣል። ግን ጤነኛ ዓይን በ1 ሜትር ርቀት የሚለየው 0.3 ሚሊሜትር ገደማ፣ በ10 ሜትር ደግሞ 3 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ አስፋልት ማዶ ለሚያልፍ ሰው ያ ያስደነገጠው ነጥብ ገና መታየቱ ነው። ለባነር ትልቅ ነጥብ ስህተት አይደለም። ስህተቱ ማንም ሳያስብበት መምጣቱ ነው።

የቪዲዮ መሐንዲሶች ይህን ጉዳይ ከእኛ ቀድመው ቋጭተውታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኤቪ1 የተባለው የቪዲዮ ፎርማት የፊልሙን ግሬይን ከምስሉ ለይቶ ለማውጣት ያስችላል፤ ንጹሑን ምስል ከግሬይኑ ባሕርይ መግለጫ ጋር ይልካል፣ የተመልካቹ መሣሪያም ግሬይኑን እንደገና አስልቶ ይጨምረዋል። ዓላማቸው ዳታ መቆጠብ ነበር። ለእኔ ግን ሐሳቡ ቬክተር ለሚሠራ ሰው የተጻፈ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን መቀበል አለብኝ። ግሬይኑ ራሱ ጥላ የሆነበት ሥዕል አለ፤ ጉንጭን የሚያከብበው፣ ተራራን ከተራራ የሚለየው የነጥቡ መጠጋጋትና መሳሳት ነው። እንዲህ ያለውን ለመጨረሻ ሰዓት አቆየዋለሁ ማለት ሥዕሉን አልሣልም እንደማለት ነው። ያን ጊዜ ነጥቦቹ በብሩሽ ወይም በስቲፕል (ነጥብ በነጥብ) እውነተኛ ቅርጽ ሆነው መሣል አለባቸው፤ ፋይሉ ይከብዳል፣ አሮጌ ላፕቶፕም ያቃስታል፣ ግን ቲሸርት ላይ በሚያርፍ የስክሪን ኅትመትም ቢሆን ነጥቡ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ከበድ ያለው ፋይል ካስቸገረ ጥቁርና ነጭ ብቻ የያዘ ባለ 1 ቢት የቲፍ ምስል አስገብቶ ቀለም መስጠት ይቻላል። ለሎጎ ግን፣ አዝናለሁ፣ ግሬይን በምንም መልኩ አልመክርም፤ ነገ ማኅተም ይሆናል፣ ከነገ ወዲያ ፕላስቲክ በሚቆርጥ ማሽን ይቆረጣል።

 

ሶፍትዌር ሠሪዎቹን የነጥቡን ስፋት ጉዳይ ማስተካከል አይከብዳቸውም። ፕሮግራሙ የአርትቦርዱን (የመሣያ ገጹን) መጠን ያውቃል፣ ሬዞሉሽኑንም ያውቃል፤ የኅትመቱን የመጨረሻ ስፋት ብቻ ዲዛይነሩን ይጠይቅ። ከዚያ አንድ ማካፈልና አንድ ማባዛት ነው፤ ውጤቱን በሚሊሜትር ከማንሸራተቻው አጠገብ ይጻፈው።