ጣሪያውን ማን ይወስን?
የፕለጊን ሠሪ «ከዚህ ቨርዥን በታች አይሠራም» ብሎ ሲጽፍ አምነዋለሁ፤ ሞክሮ ያየውን ነውና የሚናገረው። «ከዚህ ቨርዥን በላይ አይሠራም» ሲል ግን ገና ባልወጣ ሶፍትዌር ላይ እየፈረደ ነው። ይህን ግምት ሕግ አድርጎ ተጠቃሚው ላይ መጫን በደል ነው ባይ ነኝ። የድረ ገጽ አሳሹ ፋየርፎክስ ያሳለፈውን እንይ። ኤክስቴንሽን የሚባሉት ተቀጥላ ፕሮግራሞቹ ዝቅተኛና ከፍተኛ የቨርዥን ቁጥር ተጽፎባቸው ነበር የሚመጡት። አዲስ ቨርዥን በብዙ ወራት ልዩነት ይወጣ በነበረበት ጊዜ ችግሩ ያን ያህል አልጎላም። በ2011 እ.ኤ.አ. በየስድስት ሳምንቱ መውጣት ሲጀምር ግን ጣሪያው 4 ላይ የቆመ ኤክስቴንሽን 5 ሲመጣ ይዘጋ ጀመር፤ ኮዱ ውስጥ አንዲት መስመር ሳትበላሽ፣ ቁጥሩ ስላለፈ ብቻ! የፋየርፎክስ ሠሪ ሞዚላ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ያሉትን እየፈተሸ ቁጥራቸውን ከፍ ያደርግ ነበር፤ በሌላ መንገድ የሚሰራጩት ግን ሠሪያቸውን ከመጠበቅ ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። በ2012 መጀመሪያ የወጣው ቨርዥን 10 ሕጉን ገለበጠው፦ እንደማይሠራ ካልታወቀ በስተቀር ይሠራል ተብሎ ይታሰብ፤ ባይነሪ ክፍል ያላቸው፣ ከአሳሹ የውስጥ አካል ጋር በቀጥታ የተቆራኙት ግን በጥብቁ ደንብ ይቆዩ። ትክክለኛው ፍርድ ይህ ነው። መዝጋት የግድ ሲሆን ደግሞ በግልጽና አስቀድሞ ይነገር። በኖቬምበር 2017 ቨርዥን 57 የድሮዎቹን ኤክስቴንሽኖች በሙሉ ሲያስቀር ብዙ ሰው አዝኗል፣ እኔም ጭምር፤ ኤክስቴንሽን የሚጻፍበት አዲሱ አሠራር ግን ከኦገስት 2015 ጀምሮ ተነግሮ ስለነበር ሥራውን መልሶ ለመጻፍ ለፈለገ ሠሪ ከሁለት ዓመት በላይ ጊዜ ነበረው።