ጭስ መውጫ አያጣም፤ እንፋሎት ግን ያጣል

«ጭስ መውጫ አያጣም» ይላል ያገሬ ሰው። አባባሉ ለሣር ክዳን ጎጆ እውነት ነበር። ጭሱ በሣሩ መሐል እየሾለከ፣ በግድግዳው ስንጥቅ እየተሳበ፣ ዘግይቶም ቢሆን ይወጣል። ይህን የምለው ጎጆውን ለማወደስ አይደለም፤ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ ያቃጠለው ያው ጭስ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደ ገደለ ገምቷል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ጎጆው ሳይታሰብበት ይተነፍስ ነበር፤ እኛ አስበን፣ ፕላን ነድፈን፣ በብሎኬትና በሲሚንቶ የሠራነው ቤት ግን አይተነፍስም።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ወደ ስሜን ተራሮች የምንሄድ ጥቂት ጓደኛሞች ደባርቅ አደርን። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። ያረፍንበት ቤት አዲስ ነው። ሻወር ቤቱ ከወለል እስከ ኮርኒስ ሴራሚክ ለብሷል፤ ፍል ውሃ አለ፤ የአየር ማስወጫ ፋንም አለ። ማብሪያውን ስንጫን ፋኑ ይሽከረከራል፤ ይጮኻልም። ይሁን እንጂ መስተዋቱ ፊት አያሳይም፣ ፎጣው በማግስቱ አይደርቅም፣ ጥጋጥጉ ሁሉ ጥቁር ሻጋታ ለብሷል። ከመካከላችን አንዱ አስም አለበት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል አደረ።

ጠዋት ለቤቱ ባለቤት ነገርናቸው። አዛውንቱ አልተቆጡም። መሰላል አምጥተው የኮርኒሱን ክዳን ከፈቱልኝ። ለካስ ፋኑ የሚተፋው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ኮርኒሱ ውስጥ ኖሯል። እንጨቱ ጠቁሯል፣ ምስማሩ ዝጓል፣ ከቆርቆሮው ሥር ውሃ ይንጠባጠባል።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ እንፋሎቱን ከቤትዎ አላስወጣውም፤ ቆጥ ላይ አሰፈረው እንጂ» አልኳቸው።

«እኔ ምን ላውቅ ልጄ? ሻጩ ይሽከረከራል አለኝ፤ ይኸው ይሽከረከራል። ስንት የተማረ ሰው እዚህ አድሮ ሄደ። መስተዋቱን በፎጣ ጠርጎ ፊቱን አይቶ ይወጣል፤ ቀና ብሎ ያየ ግን የለም» አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህ ቃል ነው። የሚወቀሰው ግንበኛው አይደለም፤ ሽማግሌውም አይደሉም። የሚወቀሰው ቀና ብሎ የማያየው የተማረው ክፍል፣ ማለት እኔና አንተ፣ እኔና አንቺ ነን።

ነገሩ ረቂቅ ፍልስፍና አይደለም። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ያህል የውሃ ተን ይሸከማል። ያው አየር 10 ዲግሪ ከደረሰ ግድግዳ ጋር ሲገናኝ ከ9 ግራም ብዙ ሊሸከም አይችልም፤ የቀረውን እዚያው ያራግፈዋል። የደባርቅና የዳባት ሌሊት ብርድ ምን እንደሚመስል ያደረበት ያውቀዋል። እንግዲህ ደጋ ላይ ፍል ውሃ ያለበትን ክፍል ያለ አየር መውጫ መሥራት ውሃን በቱቦ አስገብቶ በግድግዳ እንደ ማጠራቀም ነው። ከዚያ ሻጋታው ይመጣል፤ ከሻጋታው ሳል፣ ከሳሉ ሐኪም ቤት።

ተቃዋሚዎቼ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። በምግብ አዳራሽ ሰምቻቸዋለሁና።

አንደኛው፣ «ሕዝቡ ንጹሕ ውሃ ሳያገኝ አንተ ስለ ሻወር ቤት ፋን ትጽፋለህን?» ይላል። ወንድሜ፣ ውሃው የጎደለበትን ትግል አልተውኩም። ነገር ግን ሰው ሴራሚክና ቦይለር ለመግዛት ገንዘብ ካወጣ በኋላ አንዲት ቀዳዳ መንፈጉ ድህነት አይባልም፤ አለማወቅ ነው። አለማወቅን ማጥፋት ደግሞ የማን ሥራ ሊሆን ነው?

ሁለተኛው፣ «መስኮት ይበቃል» ይላል። ይበቃ ነበር፣ ቢከፈት። በስሜን ብርድ እርጥብ ገላውን ይዞ መስኮት የሚከፍት ጀግና ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ደግሞስ የስንቱ ሻወር ቤት መስኮት ወደ ኮሪደር የሚከፈት ነው?

ሦስተኛው፣ «መብራት ይጠፋል» ይላል። እውነት ነው። ስለዚህ ከፋኑ ጋር ከፍ ብላ የምትከፈት ትንሽ መስኮት ትኑር። ሞቃት አየር ቀላል ነውና መብራት ሲጠፋ በእርሷ ይወጣል። ፋኑ ሲሠራ ግን ትዘጋ፤ አለዚያ ፋኑ ከክፍሉ ሳይሆን ከመስኮቷ አየር እየሳበ መልሶ ወደ ውጭ ይተፋዋል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ተችቶ መንገድ አለማሳየት የቡና ቤት ወሬ ነውና።

ፋን በመልኩ አይገዛም፣ በሚያወጣው አየር ልክ እንጂ። የክፍሉን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት አባዛ። 2 ሜትር በ1.5 ሜትር በ2.5 ሜትር ቢሆን 7.5 ሜትር ኩብ ነው። አየሩ በሰዓት ስምንት ጊዜ እንዲለወጥ በ8 ብታባዛው 60 ሜትር ኩብ ይሆናል። ቱቦውና የውጭ ክዳኑ ጉልበቱን ስለሚቀንሱት ሣጥኑ ላይ ከ80 እስከ 100 የተጻፈበትን ግዛ። ውሃ ሊረጨው በሚችልበት ቦታ የሚገባ ከሆነ «አይፒ ኤክስ 4» የሚል ምልክት እንዳለው ተመልከት፤ የውሃ ፍንጣቂ ይችላል ማለት ነው።

ቦታው ከፍ ብሎ፣ ለሻወሩ ቀርቦ፣ ከበሩ ርቆ ይሁን። ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ በግድግዳው ወይም በጣሪያው አልፎ ደጅ ይውጣ፤ ኮርኒስ ውስጥ ፈጽሞ አይቅር። በግድግዳ ሲያልፍ ወደ ውጭ በጥቂቱ ያዘንብል፤ ቱቦው ውስጥ የጠራቀመው ውሃ ወደ ሞተሩ እንዳይመለስ። በውጭ በኩል የክረምቱን ዝናብና ነፋስ የሚከለክል ክዳን ይኑረው። ከበሩ ሥር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው፤ የሚገባ አየር ከሌለ የሚወጣ አየር የለምና። ሽቦውን የሚያስረው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሁን። ከታጠቡም በኋላ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይሥራ። 15 ዋት የሚወስድ ፋን በቀን አንድ ሰዓት ቢሠራ በወር ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም።

መሥራቱን በጩኸቱ አትመን። በሩን ዘግተህ አንድ ስስ ወረቀት ወደ ፋኑ አስጠጋ፤ ስቦ ከያዘው ይሠራል፣ ከወደቀ ይዋሻል። ከዚያም ደጅ ወጥተህ አየሩ መውጣቱን በእጅህ ዳስስ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ፋን ለከሰል ፈቃድ አይደለም። ብርዱን ሽሽት የከሰል ማንደጃ ወደ ተዘጋ ክፍል የሚያስገባ ሰው ሽታ የሌለውን፣ የማይታየውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው የሚጋብዘው። ከዚያ ፋንም አያድንም።

በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ሰልጥነው በየገጠሩ እንዲሰማሩ ተደርጎ ነበር። ዳባትም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ጥናት የሚካሄድባት ወረዳ ናት። ቀደምቶቻችን ከመማሪያ ክፍል እስከ ገበሬው ደጃፍ ተጉዘዋል። እኛ ግን የእንፋሎትን ሕግ ለፈተና ሸምድደን፣ የእንፋሎቱን ጠብታ አናታችን ላይ ተቀብለን ዝም እንላለን። በየመኝታ ቤታችን ያሉት መታጠቢያዎችስ ከዚህ የተሻሉ ናቸውን?

ስለዚህ ለኅብረታችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሚቀጥለው ዕረፍት የምሕንድስናና የጤና ተማሪዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ በየትውልድ ከተማቸው ይዙሩ። የሚያስፈልጋቸው አንድ ሜትርና አንድ ስስ ወረቀት ብቻ ነው። ለባለቤቶቹ በትሕትና ያሳዩ፣ ለግንበኞች ያስረዱ፣ ያዩትንም ለዚሁ ጋዜጣ ይጻፉ። መምህራኖቻችንም ይህን እንደ ተግባር ትምህርት ይቁጠሩልን። የሚጀመረውም ከራሳችን መኝታ ቤት ይሁን።

ሽማግሌው በዚያው ሳምንት ቱቦውን በግድግዳው አስወጥተው ደጅ አድርሰውታል። የፈጀው አንድ ከሰዓት ብቻ ነበር። ለዚያች አንድ ከሰዓት ግን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ጠፍቶ ስንት እንግዳ አስሎ አደረ?