የሐምዛ ፊት የትኛው ነው?



"አር-ሪሳላን አያችሁት? ትወናው እንዴት ነው?" እንባባላለን። እስቲ እንጠየቅ፦ ሐምዛ (ረ.ዐ) ሲባል በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ማን ነው? አንቶኒ ኩዊን አይደለምን?

ሙስጠፋ አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ በ1976 የወጣውን ይህን ፊልም በሁለት ቋንቋ፣ በተለያዩ ተዋንያን ሠራው። የእንግሊዝኛው ሐምዛ ኩዊን ነው፤ የዐረብኛው ዐብደላህ ገይስ። ሁለት ፊት! አንዱም የሐምዛ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በምስልም በድምፅም አለመቅረባቸውን እናደንቃለን፤ ለሶሃባዎቹ ሲሆን ግን ዝም እንላለን።

ወሕሺ ጦሩን ሲወረውር አልቅሰናል። ያው ወሕሺ በኋላ መስለሙን፣ በየማማ ዘመቻም ሐሰተኛውን ነቢይ ሙሰይለማን በዚያው ጦር መምታቱን ስንቶቻችን እናውቃለን? ይህ ያለው ሲራ ውስጥ ነው።

"ፊልሙ ለዲን አነሳሳኝ" የሚል ወንድም አለ። እሰየው! የተነሳሳ ሰው ግን ተነስቶ ይሄዳል፤ ሶፋው ላይ ሆኖ ስለ ተዋናይ አይከራከርም። ለስክሪን ሦስት ሰዓት ገደማ የሰጠን ሰዎች፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ላለ የሲራ ደርስ "ጊዜ የለንም" ስንል አናፍርም?

ፊልሙን አይተናል። አሁን ኪታቡን እንክፈት። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን።