አያት በካርዱ ላይ አሉ?

ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር የተጻፈለት ታማሚ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ፣ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፎ ነው የሚሄደው። በነርስነት ዘመኔ ብዙ ሪፈር ጽፌያለሁና ያ መንገድ ለከንቱ ምልልስ እንደማይሆን አውቃለሁ። የጤና መድን ካርዳችሁን በደኅናው ቀን አውጥታችሁ እዩት።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የብዙ እጅ ሥራ ነው። መክፈል የማይችለውን የሚለየው ቀበሌ ነው፤ መዋጮውን ወረዳና ክልል ይሸፍኑለታል፤ ፌዴራል መንግሥት ደግሞ ለመድኑ ድጎማ ይጨምራል። ቀበሌ ላይ የቀረ ስም ታዲያ ላይኛው ቢሮ አይገኝም። «እኛን አይመለከትም» ከመባላችሁ በፊት ከሥሩ ጠይቁ።

ካርዱ በመሠረቱ የሚይዘው ባልና ሚስትን፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆቻቸውንም ነው። አብረው ለሚኖሩ አያት ተጨማሪ መዋጮ ይከፈላል። ብዙ ቤት ይህን አያውቅም፤ ደም ግፊትና ስኳር የሚበረታው ግን በእነሱ ላይ ነው!

ድንገተኛ ካልሆነ በቀር መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ያለ ሪፈር ሆስፒታል ብትገቡ መድኑ ሙሉውን አይከፍልም። ወሊድና ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነፃ ነው፤ ነፍሰ ጡሯ ካርድ ባይኖራትም ትሂድ።